የሐይቁ ዋስ

ኢንጅባራ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ካገባው የከተማችን ሰው ግማሹን ዘንገና ሐይቅ ዳር አቁሜ አንስቼዋለሁ ብል ብዙም አልዋሸሁ። ሙሽራ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሐይቅ ሳይረግጥ በቀጥታ ወደ ምሳ መሄዱ ከቀረ ቆይቷል። ቦታውም ይገባዋል። ሐይቁ እንደ ድስት ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ውሃው ጠዋት አንድ ቀለም፣ ቀትር ላይ ሌላ ቀለም አለው። እዚያ ቆሞ መጥፎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካሜራውን ሸጦ ድንች ቢነግድ ይሻለዋል እያልኩ ለሠፈሩ ሁሉ አወራ ነበር።

ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ፎቶዎቼ ላይ አንዲት ሃይላንድ እንኳ አለመታየቷ ነበር። ሃይላንድ የምንለው የውሃውን ላስቲክ ነው። ሌሎች ካሜራማኖች ያነሷቸው ሙሽሮች እግር ሥር ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የብስኩት ልጣጭ ይታያል። የእኔ ሙሽሮች እግር ሥር ግን ሣር ብቻ ነው። ዘዴዬ ቀላል ነበር። ከማንሳቴ በፊት ዙሪያውን እያየሁ በጫማዬ ወደ ቁልቁለቱ እጠርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሐይቁ ይወቀው። መኪኖቹ ላይ የተጠመጠመው ብርማ ሪባን በፀሐይ እያብለጨለጨ ካስቸገረኝም ሚዜዎቹን «በጥሱና ቁጥቋጦው ውስጥ ጣሉት» እላቸዋለሁ። ፎቶዬ ንጹሕ ከሆነ ሥራዬን ጨርሻለሁ ባይ ነበርኩ።

አንዲት እህት አለችኝ፤ በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። ዘጠነኛ ክፍል እያለች ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፎቶ ቤት ትገባና ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ የሙሽሮችን ብጉር ታጠፋልኛለች። ስንት ሙሽራ እንዳሳመረች እሷም አታውቀው። እያሳመረች፣ «የኔ ተራ ሲደርስ አንተ ነህ የምታነሳኝ፤ ሐይቁ ዳር፤ ብጉሬን ግን እንዳትነካ» ትለኝ ነበር። ተራዋ ደረሰ። ቬሎውን ተከራዪ ሲሏት እሺ አለች፤ ሚዜ ይቀነስ ሲሏት እሺ አለች፤ የሙሽራው አባት ጥብቅ ሰው ናቸውና ምሳው በእሳቸው ግቢ ይሁን ሲባልም እሺ አለች። ከሰርጉ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሐይቁ ዳር የሚነሳው ፎቶ ነው።

ሰርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ የሌሎች ሰዎችን ሰርግ ይዤ ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ታጥፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ሰባት ፈረሰኞች መንገዱን ዘግተው ተሰልፈዋል። በእኛ አገር ሰርግ በፈረስ መታጀቡ ብርቅ አይደለም፤ እኔም ልባቸው ተነክቶ ሊያጅቡን የወጡ መሰለኝ። ከሚኒባሱ ዘልዬ ወረድኩና ካሜራዬን እያስተካከልኩ፣ «ጎሽ! ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ፤ ፀሐዩ ከኋላችሁ እንዳይሆን። መሐል ያሉት አባባ፣ ጋቢውን ከፍ ያድርጉት!» ማለት ጀመርኩ።

መሐል ላይ ያሉት ቡላ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢያቸውን አልነኩትም። እስክጨርስ አዩኝና፣ «ልጄ፣ እኛ ፎቶ ልንነሳ አልመጣንም» አሉ። «ኸዛሬ ጀምሮ በዚህ በኩል ሰርግ አያልፍም። ኸብቱ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ ሰርግ ግን አያልፍም። ኸክፋት አይዶለም፤ መክረን ነው።»

የሙሽሪት ዘመዶች ለመኑ፤ ሚዜዎቹ ተቆጡ፤ ሙሽሪት አለቀሰች፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ። ፈረሶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ተመልሰን አንድ ሆቴል ጓሮ ውስጥ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ሳር አለ በተባለበት ቦታ አነሳኋቸው።

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። «ለምንድነው የከለከሉት?» አለችኝ።

«ምቀኝነት ነዋ!»

«ጠየቅሃቸው?»

አልጠየቅኳቸውም ነበር። ይህ የእህቴ መጥፎ ጠባይ ነው፤ አንድ አጭር ጥያቄ ትጠይቅህና ትተኛለች፣ አንተ ስትገላበጥ ታድራለህ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ሽማግሌውን ግቢያቸው ውስጥ ቀርከሃ ሲሰነጥቁ አገኘኋቸው። እኔ ደግሞ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ቱሪዝም አወራሁ፤ ስለ አገር ገጽታ አወራሁ፤ ሐይቁ የሁላችንም ስለ መሆኑ አወራሁ። እሳቸው አልተቃወሙም፣ አልተስማሙም፤ ቀርከሃቸውን ይሰነጥቃሉ። ስጨርስ ወደ አጥሩ ተጠግተው በአገውኛ ተጣሩ። ከእናቴ ትንሽ የሚበልጡ ሴት መጡ፤ ጎረቤታቸው ናቸው። ተነጋገሩና ሴትዮዋ ተመልሰው ሄደው አንድ ነገር በቁና ይዘው መጡ።

ቁናው ውስጥ ያለው ነገር የደረቀ የጨርቅ ኳስ ይመስላል። መጠኑም እንደዚያው ነው።

«ኸላሜ ሆድ የወጣ ነው» አሉኝ ሴትዮዋ። «ታኅሣሥ ላይ መብላት አቆመች። ተነፋች። መድኃኒት አጠጣናት፣ እንቢ አለ። ስትሞት ምን ሁና ነው ብለን ብንከፍታት ይህን ተሸክማለች።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፌስታል ነው፤ ፌስታል በፌስታል ላይ ተጠቅልሎ፣ የማዳበሪያ ክር ገብቶበት። ሴትዮዋ በሁለት ጣታቸው ከመሐሉ አንድ ጫፍ ያዙና ጎተቱ። ብርማ ሪባን ነው። ሲጎትቱት መጣ፣ መጣ፣ አያልቅም። ያን ሪባን ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገኝም። ፎቶ ቤቴ ውስጥ በሜትር እየለካሁ የምሸጠው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ዝም ይላል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም እየደረሱብኝ ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ደንግጬ፣ «ላሟስ ብትሆን ዝም ብላ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች እንዴ?» አልኩ።

የሴትዮዋ ፊት አልተቆጣም፤ ተዘጋ እንጂ። ቁናቸውን አንስተው ሄዱ። ሽማግሌው ብድግ አሉና ከልብሳቸው ላይ የቀርከሃውን ፍቅፋቂ አራገፉ።

«አንተ ብቻህን ስትመጣ ነገር አታውቅም» አሉኝ። «የምትፈልገው ነገር ካለ ወግ አለው። ሽማግሌ ላክ።»

ያን ቀን ወደ ከተማ ስመለስ አፈርኩ። ንዴት አልነበረም፤ ንዴትን አውቀዋለሁ፣ ያ እፍረት ነበር። ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ላሟ የተናገርኩትንም ጭምር። «እንዲያውም ሲያንስህ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሽማግሌ ትልካለህ፤ እኔንም ለመጠየቅ ሦስት ሰው ነው የተላከው፣ ሐይቁ ከኔ አያንስም» አለች።

በቀጣዩ እሑድ ሦስት ሰዎች ተላኩልኝ። አንዱ የፎቶ ቤቴ አከራይ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አንዱ የክርስትና አባቴ፤ ሦስተኛው የሠፈራችን ዕድር ዳኛ። የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይገባምና እኔ ከአጥሩ ውጭ ካመጣን ባጃጅ ሹፌር ጋር ቆሜ በቀርከሃው ክፍተት ማየት ነበረብኝ።

የሐይቁ ዳር ሰዎች በሽማግሌው ግቢ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። የእኔዎቹ ገቡና በወጉ መሠረት ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ!» ተባሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«የማንን ልጅ ፈልጋችሁ ነው?» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን አለ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ እንኳ አይዶለም። ሐይቃችሁን ነው። ለአንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት።»

ግቢው ሙሉ ሳቀ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ቀጠሉ፣ «ልጃችሁ ጠባዩ እንዴት ነው?»

የክርስትና አባቴ ውሸት አይወዱም። «ሥራ ይወዳል፣ እናቱን ይጦራል። አፉ ላይ ግን ትንሽ…»

«እሱን ሰምተናል» አሉ ሽማግሌው፤ እንደገና ተሳቀ። የባጃጅ ሹፌሩ እንኳ ከጎኔ ሆኖ ሳቀብኝ።

መልስ ግን በዚያው ቀን አልተሰጠም። ሽማግሌ የላከ ሰው በአንድ ቀን መልስ አይጠብቅም፤ «መክረን ለሚቀጥለው እሑድ» ተባለ። ሰርጉ ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ብቻ ነው የሚቀረው። ያን ሳምንት እህቴ ስለ ሐይቁ አንድ ጊዜም አላነሳችም። ቬሎዋን ለመለካት ሄዳ ወገቡ ሰፍቷት ስትመለስ ግን ምን ያህል እንደከሳች አየሁ።

በቀጠሮው እሑድ እኔም እንድገባ ተፈቀደልኝ። መምህሩ በሹክሹክታ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ከደጁ ላይ ደህና የሚመዝን ድንጋይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ አጎንብሼ፣ ላማቸው የሞተችባቸው እናት ፊት ቆምኩ። ስንት ጊዜ እንደ ድራማ ያየሁት ነገር ነው፤ ድንጋዩ በገዛ ትከሻህ ላይ ሲሆን ግን ድራማ አይደለም። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሪባኑን የሸጥኩትም ያስጣልኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። ይህን ማንም አላስጠናኝም። ዕድራቸው አዋጥቶ ጊደር እንደተካላቸው ሰምቼ ነበርና ካሳ ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄም ነበር። እሳቸው ግን ድንጋዩን ከትከሻዬ አነሱና፣ «ለኔስ ሰው ደረሰልኝ፤ የሌላ ሰው ላም እንዳትሞት ነው የምፈልገው» አሉ።

ከዚያ ፍርዱ ተነገረ። ከሰርጉ በፊት ሰርገኞቹ ራሳቸው መጥተው የሐይቁን ዳር በደቦ ያጸዳሉ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሰርግ ሁሉ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሐይቁ እንደነበረ ካልሆነ በስተቀር ከሐይቁ ዳር አይነሳም፤ ሙሽራው ይሂድ፣ ሚዜው ይሂድ፣ ዋሱ ይቀራል። አንድ ዋስ ጥሎ ከሄደ መንገዱ ለሁሉም ይዘጋል።

«ለእህትህ ሰርግ ዋሱ ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ!» አልኩ፣ ሳላስብ።

ሐሙስ ለደቦው ወጣን፤ ሚዜዎቹ፣ የእህቴ ጓደኞች፣ ሙሽሪት ራሷ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይህ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የተጣለውን በሁለት ቀን ውስጥ ልንለቅም። እኔ እንደ ልማዴ አዛዥ ሆንኩ። ሃይላንዱ ተከማችቶ የሚታየው በምሥራቁ ዳር ስለሆነ ሁሉንም ወደዚያ አሰማራሁ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ጫፍ ጫፉን እየተንጠራራን ለቀምን። ውሃው ውስጥ መግባት አይታሰብም፤ ከዳሩ አንድ እርምጃ ካለፍክ ገደል ነው፣ ከመሐላችን ደግሞ ዋና የሚችል የለም። ከዳር የራቀውን እንዴት እንደምናወጣው ግራ ገብቶን ቁጭ ስንል ነፋሱ ዞረ። ዓይናችን እያየ ጠርሙሶቹ ሁሉ በሰልፍ ተነሥተው ሐይቁን ማቋረጥ ጀመሩ።

ባለ ላሟ እናት ከበላያችን ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። «ኸባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አሉና ሳቁብኝ። «ጠዋት ነፋሱ ወደዚህ ያመጣዋል፤ ኸሰባት ሰዓት ወዲህ ደግሞ ወደዚያ፣ ኸትልቁ ዛፍ ሥር ይወስደዋል። እዚያ ዳሩ ጠባብ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይከማቻል። አንተ መሮጥ አያስፈልግህም፤ ሐይቁ ራሱ ያመጣልሃል። መጠበቅ ነው።»

«ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ!»

እህቴ ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ቅርጫት አስረው ሰጡን፤ ትልቁ ዛፍ ሥር ሆነን ሐይቁ ያመጣውን ሁሉ እንደ ጎመን ጨለፍነው። ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ እግር የሙሽራ ጫማ፣ ሁለት የቬሎ ጓንት ወጣ። ከጓንቶቹ አንዱን እህቴ አወቀችው፤ ፎቶው ላይ ጓንት የጎደላት ሙሽራ ስላለች ኮምፒዩተር ላይ ከሌላው እጇ ገልብጣ እንደሠራችላት ነገረችን። ጆንያዎቹን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭነን እየዘፈንን ወደ ከተማ ገባን። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ ጥሎሽ የተጫነ መስሎት እልል አለልን።

ቅዳሜ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። ከአስፋልቱ ስንታጠፍ ሰባቱ ፈረሰኞች እንደገና ተሰልፈዋል፤ በዚህኛው ቀን ግን መንገዱን ከፍተው፣ ግራና ቀኝ። ሽማግሌው ጮክ ብለው፣ «ዋሱ ማነው?» ሲሉ ከካሜራዬ ጀርባ እጄን አወጣሁ። ከዚያ፣ «በል አሁን፣ የት እንቁም?» አሉኝ፤ ጋቢያቸውንም ራሳቸው ከፍ አደረጉት።

እህቴን አነሳኋት። ውሃውን ከጀርባዋ አድርጌ፣ ትልቁን ዛፍ ከጎኗ፣ ባሏን ከፊቷ። ብጉር አልነበራትም። ሚዜዎቹ ደግሞ እኔን ከመፍራታቸው የተነሣ አንዱ የከረሜላ ወረቀቱን ሱፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ሌላው የብርቱካን ልጣጩን ይዞ የሚያደርግበት ጠፍቶት ራሱ በላው። መሬት ላይ ምንም አልወደቀም። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ እንዴት ባማረልኝ!

ግን አንድ ነገር ደብቄ ነበር። ስልክ ላይ አንድ የሰርግ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ሰርገኞቹ ነጫጭ ፊኛ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ፣ ፊኛዎቹ ወደ ሰማይ ይወጣሉ፣ ሙሽሪት ቀና ብላ ታያቸዋለች። ለእህቴ ስጦታ እንዲሆናት ብዬ ጠዋት ከባጃጅ ሹፌሩ ጋር ጉንጫችን እስኪዝል ሃያ አራት ፊኛ ነፍተን በመረብ አድርገን ሚኒባሱ ውስጥ ደብቀን መጥተናል። ስለ ዋስነቴም አስቤበታለሁ፤ ወደ ሰማይ የሚሄድ ነገር ሐይቁን አይነካም። ያኛው ቪዲዮ ላይ ያሉት ፊኛዎች በጋዝ የተሞሉ መሆናቸውን፣ በአፍ የተነፋ ፊኛ ደግሞ ወደ ላይ እንደማይሄድ የነገረኝ ሰው የለም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ አልፌያለሁ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አልኩ። ሚዜዎቹ ፊኛዎቹን ከመረቡ ለቀቋቸው። ሁላችንም ቀና አልን። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ጎንበስ ስንል ሃያ አራቱም እንደ ዳክዬ ውሃው ላይ በሰላም ተቀምጠዋል።

ሙሽራው ነው መጀመሪያ የሳቀው፤ ከዚያ ሚዜዎቹ፣ ከዚያ እህቴ እስኪያማት። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌውና እኔ። ባለ ላሟ እናት ከላይ ሆነው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ።

ፊኛዎቹን ነፋሱ ቀስ እያለ ከዳሩ አራቃቸው። እናቴ ነገሩ ገብቷት ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ሽማግሌው ሄደች። «አባባ፣ ለዛሬ ብቻ ይማሩልኝ። አንድ ወንድሟ ነው። ምሳው ላይ ካልተገኘ እህቱ ምን ትሆናለች? ደግሞስ ማን ያነሳታል?»

«እኛ አንይዘውም፣ እመቤቴ» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር። «ፈረሱም መንገድ አይዘጋበትም። ኸሄደ ግን ዋስ የሚባለው ነገር ኸዚህ ሐይቅ ላይ ዛሬ ተጀምሮ ዛሬ ቀረ። እኛም እንደ ድሮው መዝጋት ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ልትነሳ ቀን የቆረጠች የእህቴ ጓደኛ እዚያው ቆማ ነበር። ከእሷም በኋላ ሌሎች አሉ። ካሜራውን ከአንገቴ አውልቄ ለአንደኛው ሚዜ ሰጠሁት፤ ከስልክ በቀር ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም። «ይህን ተጫን፤ ሰውን ቁረጥ፣ እግርን ቁረጥ፣ እሷን ብቻ እንዳትቆርጥ» አልኩት። እህቴ ከሚኒባሱ መስኮት አየችኝ። ሳቋ ቆሟል። የመኪኖቹ ጡሩምባ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ትልቁ ዛፍ ሥር ከባለ ላሟ እናት ጋር ተቀምጠን ነፋሱን መጠበቅ ጀመርን። ሰባት ሰዓት ሲሆን ዞረ። ፊኛዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፤ እኔ በቀርከሃው እስባለሁ፣ እሳቸው በቅርጫት ይቀበላሉ። አንዳንዱ እሾህ ነክቶት ይፈነዳል፤ የፈነዳውን ቁርጥራጭ ሁሉ እስከ መጨረሻው አስለቀሙኝ። ሱፍ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆነ። በመሐል ለምን እንዳላገባሁ ጠየቁኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። «የሰው ሰርግ ላይ መዋል ሥራ ነው?» አሉና የዘመዳቸውን ልጅ ይገልጹልኝ ጀመር። ሃያ ሦስተኛውን ፊኛ ስናወጣ ልጅቷ ቀይ፣ ባለሙያ፣ ፈረስ የምትጋልብ መሆኗን አውቄ ነበር።

አንዱ ቀረ። መሐል ሐይቅ ላይ ቆሞ ይሽከረከራል። ስምንት ሰዓት አለፈ። ሽማግሌው መጥተው አዩትና፣ «በል ይብቃ፤ ሃያ ሦስት አውጥተሃል። ሂድ ኸእህትህ ዘንድ» አሉ።

መላ ሰውነቴ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። ሴትዮዋን አየኋቸው። ሂድም አትሂድም አላሉኝም፤ ቅርጫታቸውን ግን አላስቀመጡም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነፋሱ በረታና ያቺ ፊኛ እየተንከባለለች መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። ሴትዮዋ ራሳቸው አነሷትና ከነጠላቸው መርፌ አውጥተው ጧ! አደረጓት። «ተፈትተሃል» አሉኝ።

ባጃጅ አልተገኘም። ሽማግሌው ቡላ ፈረሳቸው ላይ ከኋላቸው አፈናጠጡኝ፤ ወገባቸውን ይዤ፣ በጭቃ ሱሪ፣ የሙሽራው አባት ግቢ ስንደርስ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰው በልቶ የተበተነ መስሎኝ በጓሮ በኩል ልገባ አሰብኩ። ዳሱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠላ ተጠጥቷል፤ ምግብ አልቀረበም። መሐል ላይ ድፎ ዳቦው ሳይነካ ተቀምጧል። ያ ጥብቅ የተባሉት የሙሽራው አባት ቢላዋውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

ያጋጠመውን ነገሩኝ። ዳቦው ሊቆረስ ሲል እህቴ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና፣ ሙሽራ በማይናገርበት ሰዓት፣ «ወንድሜ ለእኔ ብሎ ዋስ ሆኖ ተይዟል፤ ሳይፈታ አይቆረስም» ብላለች። አማቷ ረጅም ጊዜ አይተዋት፣ «ልክ ነው፤ ዋስ ታስሮ ዳቦ አይቆረስም» ብለው ቢላዋውን መልሰው ያዙ። ያ ሁሉ ሰው ሆዱ እየጮኸ ሦስት ሰዓት ጠበቀኝ።

ስታየኝ ተነሣች። እናቴ «ኧረ ተቀመጪ!» ስትል አልሰማቻትም፤ ቬሎዋን ሰብስባ መጥታ በጆሮዬ፣ «ሁሉንም?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

«መንገዱስ?»

መልሱን ሽማግሌው ሰጡ። የሙሽራው አባት ቢላዋውን ለእሳቸው አሳልፈው ሰጥተዋቸው ነበርና፣ ከዳቦው በላይ ይዘውት፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርግ ያላችሁ፣ መንገዱ ክፍት ነው። ዋሳችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉና ቆረሱት። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ፤ ግማሹ ለሐይቁ፣ ግማሹ ለረሀቡ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ቁራሽ እህቴ ተቀብላ በገዛ እጇ አጎረሰችኝ። እዚያው ሰው መሐል፣ አፌ ዳቦ ሞልቶ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።